ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የት ይታያል?

በጨለማ ሌሊት ደጅ ወጥተን ቀና ስንል፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ብርሃን ሰማዩን ሰንጥቆ እልም ይላል። «ኮከብ ተወረወረ» እንላለን። ነገር ግን የተወረወረው ኮከብ አይደለም። ኮከብ እንደ ፀሐይ እጅግ ትልቅ ነው። እኛ ያየነው ብርሃን በኅዋ ውስጥ ሲዞር የነበረ ድንጋይ ወደ አየራችን በኃይል ሲገባ ግሎ ሲነድ ነው። አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ስለሆነ እላይ ነዶ ያልቃል። ትልቁ ግን ተርፎ መሬት ይደርሳል። መሬት የደረሰውን ድንጋይ የሳይንስ ሊቃውንት ሚቲዮራይት ይሉታል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ድንጋይ በዓይን ማየት ይቻላል ወይ? አዎን፣ ይቻላል። የት እንደሚታይ ከማወቃችን በፊት ግን ከሌላው ድንጋይ መለየት አለብን።

ከደጃችን እንነሣ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ከባድም ነው። ይህ ሁሉ ከሰማይ የመጣ ነው እንዴ? አይደለም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ እሳተ ገሞራ ቀዝቅዞ የጠጠረ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ እንጀራ ዓይን ያለ ቀዳዳ ይታይበታል። ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከስንት አንድ ነው የሚገኘው። አዲስ የወደቀ ከሆነ ላዩ ስስ ጥቁር ቅርፊት ለብሷል። አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስላለበት ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት ብቻ ግን በቂ ምስክር አይደለም፤ የእኛንም ጥቁር ድንጋይ አንዳንዱን ይስበዋልና።

በአገራችንም ወድቆ ያውቃል። በ1981 እ.ኤ.አ. በሐረርጌ፣ ጉርሱም ላይ የወደቀው ድንጋይ በዓለም መዝገብ «ጉርሱም» ተብሎ ተመዝግቧል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ድንጋዩ የሚጠራው በአግኚው ስም ሳይሆን በወደቀበት ወይም በተገኘበት ቦታ ስም ነው። ነገ በጎዛምን ማሳ ላይ ቢወድቅ ስሙ ጎዛምን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ መንገዳችን እንግባ። ወደ ታንዛኒያ የሚሄድ ሰው ከምቤያ ወደ ዛምቢያ ጠረፍ በሚወስደው አቅጣጫ የምቦዚን ድንጋይ ማየት ይችላል። ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ 16 ቶን፣ ማለትም 160 ኩንታል ያህል እንደሚሆን ይገመታል። የአገሩ ሰዎች «ኪሞንዶ» ይሉታል። የሳይንስ ሊቃውንት ያወቁት በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም እዚያው ነው የሚጎበኘው።

ከዚያም ወደ ደቡብ ርቆ፣ በናሚቢያ፣ በግሩትፎንቴን ከተማ አጠገብ ሆባ የተባለው ድንጋይ አለ። በ1920 እ.ኤ.አ. አንድ ገበሬ በበሬ ሲያርስ ማረሻው ከአንድ ብረት ጋር ተፋጨና ቀጥ አለ። ቢቆፈር 60 ቶን የሚገመት፣ ማለትም 600 ኩንታል የሚያህል ብረት ሆኖ ተገኘ! በምድር ላይ በአንድነት ሳይሰበር ከተገኘው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ጎብኚዎች ግን እየቆረጡ ይወስዱት ጀመር። በዚህ ምክንያት በ1955 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ በሕግ ተጠበቀ።

ዘመድ ለመጠየቅ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን የሚሄድም አይቅርበት። ስሚዝሶኒያን በሚባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያ አይከፈልም። እዚያ ካሉት መካከል አንዱ ቀለበት የመሰለ፣ ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው። ቀድሞ በቱሳን ከተማ ብረት ሠሪዎች መስፍ አድርገው ይቀጠቅጡበት ነበር።

ወደማናውቀው ከተማ ስንሄድ «የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወይም የጂኦሎጂ ሙዚየም የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ድንጋዩ አጠገብ ያለውንም ጽሑፍ እናንብብ። ስሙን፣ ክብደቱን፣ ዓመቱን፣ ሲወድቅ ታይቶ ይሁን ወይም ኋላ ተገኝቶ ይነግረናል። ማንበብ መቻል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ያላነበበ ሰው ድንጋይ አይቶ ይመለሳል፤ ያነበበ ግን ታሪኩን ይዞ ይመለሳል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር እንጨምር። በጎረቤታችን በሶማሊያ፣ ኤል ዓሊ በተባለ ቦታ፣ 15 ቶን ያህል የሚመዝን የሰማይ ብረት ነበር። የአካባቢው ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያውቁታል፤ መቀጥቀጫም አድርገውታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ከእርሱ ላይ የተወሰደ ቁራጭ ሲመረምሩ ቀድሞ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት አገኙበት። ድንጋዩ ግን ለሽያጭ ወደ ቻይና እንደተወሰደ ተነግሯል። ኤል ዓሊ የሚለው ስም በመጻሕፍት ቀረ፤ የኤል ዓሊ ልጆች ግን ድንጋዩን ሄደው የሚያዩበት ቦታ አጡ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ ምቦዚና ሆባ ዛሬ የሚጎበኙት ስለተጠበቁ ነው። እኛም ከባድ፣ ጥቁር ቅርፊት ያለው፣ የአካባቢያችንን ድንጋይ የማይመስል ነገር ብናገኝ በመዶሻ አንፍለጠው፤ እሳትም አናስገባው። ሲወድቅ ካየን ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተገኘበትንም ማሳ በወረቀት እንጻፍ። ለማያውቁት ነጋዴ ከመሸጥ ይልቅ ለቀበሌ ማሳወቅ፣ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መምህራንም ማሳየት ይሻላል። ያን ጊዜ ሌላው አገር ሰው ድንጋይ ለማየት ወደ እኛ ይመጣል፤ የእኛም ልጆች ሩቅ አገር ሳይሄዱ ያያሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጮቄ ጥቁር ድንጋይ ከሰማይ ከወደቀው በምን ይለያል?
2. የሆባ ድንጋይ ለምን በሕግ ተጠበቀ?
3. በቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ ድንጋይ ቢገኝ የት ቢቀመጥ ይሻላል ትላላችሁ? ለምን?