ማር ፈንገስን ይገድላል? ከገበያ ወሬ እስከ ቤተ ሙከራ

እንደሚታወቀው ማር በሀገራችን ምግብም መድኃኒትም ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው «ለሳል፣ ለቁስል፣ ለቋቁቻ ፍቱን ነው» ሲባል መስማቱ አይቀርም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ ይህንኑ ወሬ ዜና አድርገን መጻፋችን ስለማይቀር፣ ነገሩን አስቀድመን ብንረዳው ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

የማር ኃይል ከየት ይመጣል?

አንደኛ፣ ከማር 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳሩ ከጀርሞች ውኃ እየሳበ ያደርቃቸዋል። ሁለተኛ፣ ማር አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ 4 አካባቢ ነው። ሦስተኛ፣ ንቧ ከእጢዋ የምትጨምረው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ማሩ ትንሽ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫል። ይህም ቁስል ለማጠብ የምናውቀው ፈሳሽ ነው።

አራተኛው ከዕፅዋት የሚገኘው ነው። ንቦች ከግራዋ፣ ከቢሳና፣ ከባሕር ዛፍና ከሌሎች አበቦች ሲቀስሙ ፍላቮኖይድና ፊኖሊክ አሲድ የተባሉ ውሁዶችን ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ የፈንገስን የሕዋስ ሽፋን ሊጎዱ ይችላሉ። መጠናቸው እንደ አበባው ስለሚለያይ የአንዱ ቀፎ ማር ከሌላው እኩል አይሠራም። ስኳር የተቀላቀለበት ማርማ ጭራሽ ይህ ጉልበቱ ይሳሳል።

ጠጅ ምን ይነግረናል?

እርሾ የፈንገስ ዘር ነው። በወፍራም ማር ውስጥ መራባት ያቅተዋል፤ ማሩን በውኃ በጥብጠን ጌሾ ስንጨምርበት ግን ይነሣና ጠጁን ያፈላዋል። ብዙ ፈንገሶች ስኳርንና አሲድን ከባክቴሪያ በተሻለ ይቋቋማሉ ማለት ነው። ስለዚህ «ማር ጀርም ይገድላል» እና «ማር ፈንገስ ይገድላል» አንድ ዓረፍተ ነገር አይደሉም።

ለምሳሌ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የጎንደር ጥናት የንብና የጣዝማ ማርን የሞከረው በባክቴሪያዎች ላይ ነው። ይህን ይዞ «ለቋቁቻ መድኃኒትነቱ ተረጋገጠ» ብሎ ርዕስ የሚያወጣ ጋዜጠኛ አንባቢውን ያሳስታል። በፈንገስ በኩል በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ማር፣ የወይራ ዘይትና የንብ ሰም እኩል ተደባልቀው ቋቁቻና መሰል የቆዳ ሕመም ባለባቸው 37 ሰዎች ላይ ተሞክረው አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ሙከራ ነበር፤ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚነጻጸር ቡድንም የለም። ደግሞስ የረዳው ማሩ ነው ወይስ ሰሙ?

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

ቆረቆር የያዘውን ልጅ ጭንቅላት ማር ቀብቶ መጠበቅ ልጁን ያጉላላዋል። ፈንገሱ ጸጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በሐኪም የታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃንም ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ማር ማቅመስ አይገባም።

ለማጠቃለል ያህል፣ በማር ላይ የሚጽፍ ባልደረባዬ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የተሞከረው ባክቴሪያ ነው ፈንገስ? በቤተ ሙከራ ሳህን ነው በሰው? የምን አበባ ማር ነው? መልሱን ሳያገኙ «ፍቱን» የሚለውን ቃል አለመጻፍ ነው።