«ብቁ ነኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል?

ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ቦሌ ለሚገኘው፥ በ1938 ዓ. ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ይጽፉ ይሆናል፡፡ ስለዚህ «ብቁ ነኝ» የሚለውን አነጋገር በዚያ ቋንቋ እንዴት እንደምንለይ ባጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ፡፡

በአማርኛ «ብቁ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ይሸከማል፡፡ በእንግሊዝኛ ግን ከ«ኳሊፋይድ» ቀጥላ የምትመጣው ትንሽ ቃል ትርጉሙን ትለውጠዋለች፡፡

1ኛ/ «ኳሊፋይድ ፎር» ስንል ሥራው ወይም ሥልጠናው ይጠራል፤ የተጠየቀውን አሟልቻለሁ ማለት ነው፡፡

2ኛ/ «ኳሊፋይድ አዝ» ስንል ሙያው ይጠራል፤ ተምሬ ተመርቄበታለሁ ማለት ነው፡፡

3ኛ/ «ኳሊፋይድ ቱ» ስንል ግሥ ይከተላል፤ ያን ተግባር ለመፈጸም የሚያበቃ ዕውቀት ወይም ፈቃድ አለኝ ማለት ነው፡፡

እንግዲህ የተጠየቀውን ውጤት ያገኘ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለአብራሪነት ትምህርት ሲያመለክት «ኳሊፋይድ ፎር ዘ ትሬይኒንግ» ቢል እውነት ተናገረ፤ «ኳሊፋይድ አዝ ኤ ፓይለት» ቢል ግን ሳያውቀው ሐሰት ጻፈ፡፡ «ኳሊፋይድ ቱ ፍላይ» ለማለትማ የበረራ ፈቃድ ያስፈልጋል፡፡ ቋንቋውም ራሱ ይመዘናል፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ወደ ውጭ አገር ከሚበር አብራሪ፥ ከ6ቱ የንግግር ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛውን ይጠይቃል፡፡

ማመልከቻችንን የሚመረምረው ሰው አያውቀንም፤ የሚያውቀው ወረቀታችንን ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ያለንን ሳንቀንስ፥ የሌለንንም ሳንጨምር እንጻፍ፡፡