መድኃኒትን ስለሚለምዱ የከብት በሽታ ተሕዋስያን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ላምና ዶሮ እያረቡ ወተትና እንቁላል ለገበያ የሚያቀርቡ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ከነዚህም አንዳንዱ የላሙ ጡት ሲታመም፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ከታዘዘው መድኃኒት ግማሹን ብቻ ይገዛል፤ ሻጩም ከፍሎ ይሰጠዋል። ይህ ቁጠባ መስሎ ሳለ ኪሳራ መሆኑን ለማስረዳት ይህን አጭር ትምህርት አቅርበናል።

በታመመው ጡት ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ተሕዋስያን መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የመቋቋም ኃይል ይኖራቸዋል። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል ብርቱዎቹ ይቀራሉ። መጠኑ ሲያንስ ወይም ከቀኑ በፊት ሲቋረጥ ደግሞ የሚተርፉት ይበዛሉ፤ ቦታውንም ለብቻቸው ይዘው ይራባሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚለምደው ተሕዋሱ እንጂ ላሚቱ አይደለችም።

እነዚህ ተሕዋስያን በአላቢው እጅ፣ ባልተፈላ ወተት፣ በፍግና በፍሳሽ አማካይነት ወደ ሌላው ከብትና ወደ ሰው ይሻገራሉ። ከዚህም በላይ ኃይላቸውን ለሌላ ዓይነት ተሕዋስ ያወርሳሉ። ኮሊስቲን የተባለውን መድኃኒት የመቋቋም ኃይል በዚህ መንገድ እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና አገር በዐሣማዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ታውቋል።

ለዚህ ጉዳይ በአገራችንም ምሳሌ አለ። የገንዲ በሽታ በጊቤ ሸለቆ ከብቶችን ሲጎዳ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዚያ ከብቶች የተወሰደው የገንዲ ተሕዋስ ለበሽታው የሚሰጡትን ሦስት መድኃኒቶች የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ፤ በ1993 እንደገና የተወሰደውም እንዲሁ ነበር። በዚያ ጊዜ የረዳው በሽታውን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ መከላከል ነው። መድኃኒት ሲከዳ መከላከል ብቻ ይቀራልና።

እንግዲህ መድኃኒት ሻጭ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሽጥ፤ የታዘዘውንም አይከፋፍል። ከብት አርቢም ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ይፈጽም፤ የታመመችውን ላም በመጨረሻ ይለብ፤ እጁንም ይታጠብ። በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳያልቅ ወተቱን ለገበያ አያቅርብ። ዛሬ በግማሽ ዋጋ የተገዛው መድኃኒት ነገ በሙሉ ዋጋ ቢገዛም የማያድን ከሆነ፣ ሻጩ ሸቀጡን፣ አርቢው ከብቱን፣ ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ደግሞ ጤናውን ያጣል።