ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶችና ጉበት

አንጎሉ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እግሩና እጁ ከመዛሉም በላይ ብዙ ጊዜ ይገተራል። ጡንቻውን የሚያረግበው ትእዛዝ ከላይ ስለሚቋረጥ፣ በፍጥነት ሲስቡት አጥብቆ ይኮማተራል። ይህ ሁኔታ በሕክምና ቋንቋ ስፓስቲሲቲ ይባላል። ስትሮክ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ሴሬብራል ፓልሲና የአከርካሪ አደጋ ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው። ግትርነቱን ለመቀነስ በአፍ የሚሰጡ መድኃኒቶች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወሰዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መድኃኒቶቹ ከጡንቻው ርቆ በሚገኘው በጉበት ላይ የሚያደርሱትን ነው።

የተዋጠ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። የጉበት ኢንዛይሞችም መድኃኒቱን ለውጠው በሽንት ወይም በሐሞት እንዲወገድ ያመቻቹታል። ይሁን እንጂ በዚህ ሂደት መካከል የሚፈጠረው ውሁድ አንዳንድ ጊዜ ህዋሱን ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ የት እንደሚሠራ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ በየት በኩል እንደሚወገድም መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ዳንትሮሊን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ሌሎቹ መድኃኒቶች በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ ሲሠሩ፣ ዳንትሮሊን በጡንቻው በራሱ ላይ ይሠራል። በጡንቻ ህዋስ ውስጥ ካልሲየም የሚጠራቀምበት ከረጢት አለ፤ ካልሲየሙ ካልወጣ ጡንቻው አይኮማተርም። ዳንትሮሊን ይህን መውጫ ይገታል። በአሜሪካ ለስፓስቲሲቲ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት ግን መድኃኒቱን ለ60 ቀናትና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 1,044 ሕሙማን መካከል 1.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ የጉበት ጉዳት መታየቱን አመለከተ። በ0.6 በመቶው ጉዳቱ በሕመም ምልክት ተገለጠ፤ 0.3 በመቶው ሞቱ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚሰጠው ሕይወትን ለማትረፍ ሳይሆን እግርን ለማላላት መሆኑን ልብ ይሏል። በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ሰዎች፣ ሴቶች እንዲሁም ከ35 ዓመት በላይ የሆኑ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚታየው ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። በ45 ቀናት ውስጥ ግልጽ ጥቅም ካላሳየ መድኃኒቱ እንዲቆም የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይኸው መድኃኒት በማደንዘዣ ምክንያት የሚከሰተውን ገዳይ የሰውነት ሙቀት መጨመር እንደሚያድን ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1975 በአሳማዎች ላይ አሳይቷል። በዚያ ጊዜ በደም ሥር ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ የጉበቱ ስጋት ያን ያህል አያሳስብም።

ቲዛኒዲን የሚሠራው በኅብለ ሰረሰር ላይ ነው፤ ሆኖም 95 በመቶ ያህሉን የሚለውጠው ጉበት ነው። በሙከራ ጥናቶች ከወሰዱት 5 በመቶ በሚሆኑት ላይ ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው ኢንዛይም ከመደበኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ኤ.ኤል.ቲ. በጉበት ህዋስ ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ ህዋሱ ሲቆስል ወደ ደም ይፈስሳል። ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው፣ ዓይኑም በወፍ በሽታ ቢጫ ሳይሆን በፊት ጉዳቱን በደም ምርመራ ለማወቅ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በጊዜ ሲቆም አብዛኛው ለውጥ ይመለሳል። ምርመራው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና ከፍተኛው መጠን ላይ ከተደረሰ ከአንድ ወር በኋላ ይደረጋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው የታወቀ ፀረ ባክቴሪያ ቲዛኒዲንን የሚለውጠውን ኢንዛይም ስለሚገታ፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን እግርን ይገትራል። ይህ ሕመምተኛ የሚወስዳቸው አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ራሳቸው ጉበትን የሚጎዱ ናቸው። በዚያ ላይ ዳንትሮሊን መጨመር በአንድ ጉበት ላይ ሁለት ሸክም መጫን ነው፤ ኤ.ኤል.ቲ. ከፍ ቢልም ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ባክሎፌን የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን። ጉበት የሚለውጠው 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሳይለወጥ በኩላሊት ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኩላሊት ይዞራል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ሊፈዝና ራሱን ሊስት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰውም በድንገት ቢያቋርጠው የሚጥል በሽታና ቅዠት ሊከሰትበት ስለሚችል፣ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።