የጀማሪ ሙዚቀኞች ዋጋ

በሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ ይዞ ከሐይቅ የሚወጣውን ዓሣ አጥማጅ፣ ሙያውን ገና የጀመረ ነውና ዓሣውን በነጻ ይስጠን የሚለው የለም። በዚያው ዳርቻ የመዝናኛ ቤት ያለው ነጋዴ ግን ጀማሪ የሙዚቃ ጓድ አጫውቶ፣ «ስማችሁ ይታወቅላችኋል» በማለት ብቻ ቢያሰናብት የተገባ ነውን?

አዝማሪ እንኳ ከአድማጩ ሽልማት ይቀበላል። ሽልማት ግን በሰጪው ልግስና ስለሚወሰን ሒሳብ አይያዝበትም፤ ለንግድ የሚሻለው ቁርጥ ዋጋ ነው። ሙዚቃው እንግዳውን አስቀምጦ ምግብና መጠጥ ካሸጠ፣ ከትርፉ ለተጫዋቾቹ ሊደርሳቸው ይገባል። በፈቃዳቸው ለበጎ አድራጎት የሚጫወቱት ጉዳያቸው ሌላ ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን ጨዋታ ያለ ፈቃዱ መቅዳትን ይከለክላል፤ ጀማሪና ነባር ብሎም አይለይም። ስለዚህ የመድረኩ ክፍያና የቀረጻው ፈቃድ በውሉ ለየብቻ ይጻፉ። የድምፅ ማጉያውን ኪራይ ማን እንደሚከፍልም አስቀድሞ ይወሰን፤ ጠብ የሚነሣው በዚህ ነውና።