ጣሪያ ሲያፈስ ምን ማድረግ ይገባል?

በመርካቶ ሰፈሮች ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ጭቃ፥ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ የቤቱ እመቤት ሳፋ ትደቅናለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ሳፋውን ደፍታ «ተመስገን፥ አለፈ» ትላለች። ነገር ግን አላለፈም። ጤናን የሚጎዳው ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሳይሆን ግድግዳው፥ ፍራሹና የእህሉ ጆንያ የጠጡት ውሃ ነው።

የውሃው ብዛት

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ 20 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር፥ ማለት ባለ 20 ሊትር 30 ጀሪካን ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠልና በፌስታል ከተዘጋ ይህ ውሃ መንገዱን በግድግዳው ላይ ያደርጋል።

መጀመሪያ የሚደረገው

1ኛ፤ ውሃው ወደ መብራት ሽቦ ወይም ሶኬት ከደረሰ ማጥፊያውን በደረቅ እጅ ማውረድ። ቆጣሪው ራሱ ከራሰ ግን ሳይነኩ ባለሙያ መጥራት።

2ኛ፤ ካበጠ ወይም ካዘነበለ ግድግዳ ልጆችን ማራቅ። ጭቃው ሲርስና በውስጡ ያለው እንጨት ሲበሰብስ ግድግዳው ሊናድ ይችላል።

3ኛ፤ የራሰውን ፍራሽ፥ ምንጣፍና ልብስ ወዲያው አውጥቶ ማስጣት።

ማድረቅ

የራሰ ነገር በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ካልደረቀ ይሻግታል። ሻጋታ ሳል ያስነሣል፤ አስም ያለበትን ሰው ያፍናል። ስለዚህ በርና መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባት ነው። አንዳንድ ሰው ግን «ግድግዳው ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ይዘጋል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው! ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታ የለውም፤ ቤተ ሰቡን በተኛበት ይገድላል። እርጥቡን ግድግዳ በወረቀት ወይም በአቡጀዴ መሸፈንም ሻጋታውን መደበቅ እንጂ ማጥፋት አይደለም።

እህልና በርበሬ

ከእህል በረንዳ ወይም ከበርበሬ ተራ የተሸመተው ሁሉ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። የሻገተውን «አጥበን እናስፈጨዋለን» ማለት አይገባም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም በምጣድ ሙቀት አይጠፋም። ገንዘቡ ቢያሳዝንም መጣል ነው፤ ለዶሮም አይሰጥ።

ጥገና

ምስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ስርጉድ ላይ አይመታ፤ ከምስማሩም ራስ ሥር የጎማ ቁራጭ ይግባ። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ስትገዙ ወደ ብርሃን ቀና አድርጋችሁ እዩት፤ ብርሃን ያሳለፈ ቀዳዳ ውሃም ያሳልፋል። የጎረቤት ክዳን በእናንተ ግድግዳ ላይ የሚያፈስ እንደ ሆነ፥ በሐምሌ ከመጣላት በግንቦት ተነጋግሮ አሸንዳ በጋራ ማሠራት ይበጃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለውሃም ነው።

መጠይቅ

1. በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ግድግዳ ማድረቅ ስለ ምን ይከለከላል?
2. የሻገተ እህል ተጋግሮ ቢበላ ስለ ምን ይጎዳል?
3. በቤታችሁ ክዳን ላይ በስርጉድ የተመታ ምስማር አለን? ዛሬውኑ ተመልከቱ።