ዝናምና ድንበር

ከጐንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱም ብርቱ ነው። ገበሬው ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ ከዘራም በኋላ ዓይኑ ወደ ሰማይ ነው፤ ደመናን መጥራት አይችልምና።

ክረምት ሲገባ የደጉም ሰው እርሻ ይረሰርሳል፤ የክፉውም ሰው እርሻ ይረሰርሳል። ድንበር በገፋው ሰውና በተገፋበት ሰው መካከል ያለው ድንጋይ ዝናሙን አይከለክለውም። ይህን ያየ ልጅ፥ «አባቴን የበደለው ጎረቤት ስለ ምን እንደ እኛ ዝናም ያገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ትልልቆችም ይጠይቁታል። ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 መልሶታል፤ የሰማይ አባት ፀሓዩንና ዝናሙን ለክፉዎችም ለደጎችም ይሰጣልና፥ ልጆቹም እንደ እርሱ ጠላታቸውን ይወዱ ዘንድ አዘዘ።

ይህ ማለት እግዚአብሔር በደልን እንደ ደግነት ይቈጥራል ማለት አይደለም። የተገፋ ድንበር የተገፋ ድንበር ነው፤ ዳኛም ሊመልሰው ይገባል። ነገር ግን የእግዚአብሔር ፍቅር በዳዩ እስኪመለስ ድረስ ቆይቶ አይጀምርም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፥ ክርስቶስ የሞተላቸው ሰዎች ገና ኃጢአተኞች ሳሉ እንደ ሆነ አስታወቀ።

ዝናሙም በስሜን አይቀርም። ወደ ዛሪማና ወደ ሌሎች ወንዞች ወርዶ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ሱዳን ዘልቆ ከአትባራ ጋራ ይገናኛል፤ አትባራም ዓባይ ይገባል። እንዲሁ በራስ ደጀን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የወረደ ውሃ እስከ ግብፅ እርሻ ይሄዳል። ያ ገበሬ የደባርቅን ስም ከቶ አልሰማ ይሆናል።

በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 20 ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። አንድ የወይን ቦታ ጌታ ማልዶ ወጥቶ ሠራተኞችን በቀን አንድ ዲናር ሊሰጣቸው ተስማማ። ደግሞም በ3፥ በ6፥ በ9 ሰዓት ወጥቶ ሌሎችን ቀጠረ። በ11 ሰዓትም፥ ፀሓይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፥ የሚቀጥራቸው ያጡ ሰዎችን አግኝቶ ሰደዳቸው። (የዚያ ዘመን ሰዓት እንደ ኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት ይቈጠር ነበር።) ሲመሽ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ሰጠ። ማልደው የመጡት አጕረመረሙ። እርሱም የተስማሙበትን እንዳላጎደለባቸው ነግሮ፥ በገዛ ገንዘቡ ለሌላው ቸር ቢሆን ስለ ምን እንደሚቀኑ ጠየቃቸው።

ደቦ ያየ ልጅ ይህን ቶሎ ያስተውላል። ለአጨዳ የተጠራው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ አንዱ ጤዛ ሳይረግፍ ይደርሳል፥ አንዱም ፀሓይ ካዘቀዘቀች በኋላ። መሶቡ ሲቀርብ ግን የቤቱ እመቤት የእያንዳንዱን ነዶ ቈጥራ እንጀራ አትቈርስም። ማልዶ የመጣው ምናልባት በልቡ ያጕረመርማል፤ እጁ ግን ከዘገየው ሰው እጅ ጋራ በአንድ መሶብ ነው።

እነዚያ ማልደው የሠሩት ሠራተኞች ለጌታው ምን እንደ መለሱለት ወንጌሉ አልጻፈም።